እርጥብ ጠፍር

ደሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ ሩቅ አገር ነገሥታት ብጠየቅ ሳልተነፍስ እዘረግፈዋለሁ፤ የአባቴን መንደር እነማን እንደገዙት ግን አንድ ገጽ የሚሞላ ነገር አላውቅም ነበር። ስለዚህ ቦሩ ሜዳ እየተመላለስኩ፣ ሽማግሌ እየጠየቅሁ በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። ማን አዘዘሽ ያለኝ ብዙ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ጡረታ ሲቀርብ ሰው ሥራ ይፈልጋል።

ታሪኩ ሲጻፍ አጭር ነው። በንጉሡ ጊዜ አያቴ ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ለባላባቱ ግብር ያስገባሉ፣ መሬት ሲለካም ቀላድ ይዘው ይቆማሉ። ደርግ መጣና ባላባቱ ጠፋ፤ የአያቴ ትልቁ ልጅ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኑ፤ መሬቱ እንደገና ተለካ። ደርግም ሄደ። አዲስ መንግሥት፣ አዲስ ቀበሌ፣ አዲስ ሊቀመንበር ተባለ፤ አዲሱ ሊቀመንበር የአጎቴ ሚስት ወንድም ነበር። በቅርቡ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ሌላ ገዥ መጥቶብን ነበር፤ መሬት ሳይለካ የሄደ እሱ ብቻ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ንጉሡስ ሩቅ ነው፤ እኛ ዘንድ የማይከሰሰው ጎረቤት ያለው ሹም ነበር፣ ሹሙም ሁልጊዜ ከኛ ቤት ነበር።

ደብተሬ ላይ ስለ አጎቴ ጥሩ ጥሩ ነገር ጽፌያለሁ። የጠየቅኋቸው ሁሉ «ለወንድሙና ለባዕድ እኩል ጠፍር የቆጠረ ሰው» ይሏቸዋል። ያን ጊዜ የሚለካው በቆዳ ጠፍር ነበር። እኔም አምኜ ጻፍኩ፤ ኩራትም ተሰማኝ።

አምና ወንድሜ ደወለ። የመሬት ባለሙያዎች ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ይዘው እየመጡ ነው፣ ድንበር ጎረቤቶች የተስማሙበት መስመር ፎቶው ላይ ከተሰመረ በኋላ መመለሻ የለውም አለኝ። ማሳው ከአባታችን የወረስነው፣ በሁለታችን ስም ያለ ነው፤ የሚያርሰው ግን እሱ ነው። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ እኩያዬ። ማሳችን በወንዙ ዳር ጎን ለጎን ነው፤ እሷ የወንዙ ውሃ የሚገባበት ቁራሽ የአባቷ እንደነበር ትናገራለች። ያ ከሌለ የሚቀራት ውርጭ የሚበላው ገብስ ብቻ ነው። ወንድሜም ቢሆን በበጋ የሚበላው ከዚያው ከሚያበቅለው ነጭ ሽንኩርት ነው። ድንበሩ እሱ ያቆመው ድንጋይ ነው ይላል፤ እሷ ከድንጋዩ አልፎ የግራሩ ጉቶ ነው ትላለች።

ነገሩ ወደ አበጋሮቹ ሄደ፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌዎቻችን ናቸው። እነሱም ብዙ አልተጨቃጨቁም። ጠፍሩን የጎተተው ሰው በሕይወት አለ፣ ይምጣና አፈር ተሸክሞ ድንበሩን ይምራ አሉ። የማሳውን አፈር በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል፤ አፈሩን ያወረደበት ድንበር ነው፤ ከዋሸ አፈሩ ይጠይቀዋል። ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ ሰባት ምድር በአንገቱ ይጠለቅለታል ይላሉ ሸኾቻችን። አፈር የተሸከመ ሰው ላይ ይግባኝ የለም።

አጎቴ ሰማንያን አልፈዋል። ጉልበታቸው ብርዱን አልችል ቢል ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ወርደዋል። እንዳመጣቸው የተላክሁት እኔ ነኝ። ልዋሽ አልፈልግም፤ የኛን ድንጋይ እንደሚያጸኑልን ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር ደብተሩን ይዘሽዋል ወይ አሉኝ። ይዤዋለሁ አልኳቸው። ያኔ ነው የነገሩኝ፤ እንደ ዝናብና እንደ እህል ወሬ፣ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ። ለአባቴ ማሳ ሲለኩ ጠፍሩን ወንዝ ውስጥ ነክረው ነበር። እርጥብ ቆዳ ሲጎትቱት ይረዝማል። ወደ ጎረቤታችን ማሳ ሲሄዱ ደግሞ ፀሐይ ላይ አሰጥተው ያደረቁት ሌላ ጠፍር ያዙ። በሰው ፊት ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ ቁጥሩ እኩል ሆነ፤ ሰውም መረቃቸው። ጎረቤታችን ያኔ ልጅ ነበረች፤ አባቷ በዚያው ሰሞን ሞቶ ነበርና ጠፍሩን ነክቶ የሚያይላት አልነበረም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይሉኝ ነበር» አሉ። «እኔ በላሁ። የበላሁት የየቲም፣ የአባት የለሽ ልጅ ሐቅ ነው።»

ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ዱዓ አድርጊልኝ ብለው በመስኮቱ ማየት ቀጠሉ። ተናደድኩ፣ ወላሂ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብለው፣ እኔን ያን ሁሉ ውዳሴ አስጽፈው፣ አሁን ነው ወይ? ንዴቱ ሲበርድ የባሰው መጣ። ደሴ ቤት ተከራይቼ የተማርኩት አባቴ ከዚያ ቁራሽ በሚሸጠው ሽንኩርት ነው። ደብተር የገዛሁት፣ ጫማ ያደረግሁት በሱ ነው። አፈርኩ።

ደሴ ላይ ከሚኒባሱ ወርደን ወደ ቦሩ ሜዳ የሚሄደውን መኪና ለመያዝ ሰኞ ገበያን አቋርጠን መሄድ ነበረብን። ሰዉ ይጋፋል፣ እሳቸው ክንዴን ይዘው ቀስ ይላሉ። ደክሟቸዋል፣ አልቻሉም ብዬ ቤቴ ባሳርፋቸው ማንም ምን አደረግሽ አይለኝም ነበር። ባለሙያዎቹ በነጋታው ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ፤ ድንበሩም ባለበት ይጸናል። ይህን ሁለት ጊዜ አሰብኩት። ሁለተኛው ጊዜ አጎቴ ቆመው አዩኝ፤ የማስበው የገባቸው መሰለኝ። መኪናውን ያዝን።

ማሳው ላይ ስንደርስ ሁሉም ተሰብስቧል። ሁለቱ ባለሙያዎች ፎቶውን ታብሌት ላይ ከፍተው ቆመዋል። አንዱ አበጋር አፈር ቆፍሮ በጨርቅ ቋጠረና አጎቴ ትከሻ ላይ አደረገው። ብዋሽ ይህ አፈር ይብላኝ አሉ፣ ከሴትየዋ ደጃፍም ተነሥተው ወደኛ ቤት አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ። እኛ ከኋላ ከኋላ ተከተልን።

ወንድሜ ካቆመው ድንጋይ ሲደርሱ አልቆሙም። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። የግራሩ ጉቶ ዘንድ ሲደርሱ ሴትየዋ አልሐምዱሊላህ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። እዚያም አልቆሙም። ሽንኩርቱን እየረገጡ፣ እያለከለኩ አለፉ። አበጋሮቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሽማግሌው ጃጅተው ይሆን ያለም አለ። የወንድሜን የከብት በረት እንኳ አልፈው፣ ከበረቱ ጀርባ በቤቱ በኩል፣ የበረቱን ግድግዳ በእጅ መንካት ከሚቻልበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙና አፈሩን አወረዱ።

ሴትየዋ ደነገጠች። «አባባ፣ እኔ ይህን ያህል አልጠየቅሁም» አለች።

«የተሸከምኩት የጠየቅሽውን አይደለም ልጄ» አሉ አጎቴ። «የወሰድኩብሽን ነው።»

ከዚያ በረቱን ተደግፈው ተቀመጡ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብለው ለመኗት፤ እሷ ግን ታለቅስ ስለነበር መልስ አልሰጠችም። እኔ እስከማውቀው እስከ ዛሬም አልመለሰችላቸውም።

ባለሙያው መስመሩን ታብሌቱ ላይ አሰመረ። ባለይዞታዎች ትስማማላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ታላቅ እኔ ነኝና ወረቀቱ መጀመሪያ ወደኔ መጣ። ፈረምኩ፤ ብዙ አላሰብኩበትም፣ ሐቅ ከታወቀ በኋላ ምን ይታሰባል? የሠራሁት ትክክል ነው፤ ይህን ዛሬም እላለሁ።

ወንድሜ ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ፊርማዬን ለረጅም ጊዜ አየው። አፈር የተሸከመ ሰው ቃል እንደማይመለስ ከኔ የበለጠ ያውቃል፤ እዚያው ኖሯል። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነና ከፊርማዬ ሥር አተመ።

«አንቺማ ደሴ ቤት አለሽ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው።

ቤትስ አለኝ። አሁን በሴትየዋ መሬት ላይ የቀረውን በረት ለማንሣት እንጨቱን መንቀል ሲጀምር ላግዘው ብዬ ተጠጋሁ፤ በክርኑ ገፋ አደረገኝና ብቻውን ነቀለው።