ቁርጥ አባቷን

ሰፈሩ በሙሉ «በርሜል» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሱ ነው። ልጅ እያለ የክፍል ጓደኞቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጥግ ይዘው ሲመካከሩ ሰማና ቀደማቸው። «አትቸገሩ፣ በርሜል በሉኝና እንገላገል» አላቸው። ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሊቀልድበት አፉን ሲከፍት፣ እሱ ቀልዱን ተናግሮ፣ ስቆበት፣ ጨርሶ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ሰው መስደብ ጉልበት መጨረስ ስለሆነ ሁሉም ተወው፤ በርሜልም ማንም አልሰደበኝም እያለ ራሱን ሲሰድብ ዕድሜውን አጋመሰ።

ሥራው ፎቶ ማንሳት ነው። ስቱዲዮው በመድኃኒት ቤትና በጫማ ጠጋኝ መሃል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ግራጫ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ከፊቱ መደገፊያ የሌለው ክብ ወንበር አለ፣ ግራና ቀኝ ነጭ ጃንጥላ የለበሱ መብራቶች ቆመዋል። በመብራቱና በጠረጴዛው መሃል ለማለፍ በርሜል ትንፋሹን ስቦ በጎን መሄድ አለበት። «ስከራያት እኔና ክፍሏ ልክ ነበርን፤ ውሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» ይላል።

ለጉርድ ፎቶ የመጣ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንጨት ይሆናል። አንገቱ ይገተራል፣ ዓይኑ ይፈጣል። በርሜል ካሜራውን አንስቶ «ወደ እኔ ተመልከት፤ ካጣኸኝ ሆዴን ተከትለህ ና» ይለዋል። ደንበኛው ሳይወድ በግዱ ፈገግ ሲል ቀጭ አድርጎ ያነሳዋል። ሆዱ የሥራ መሣሪያው ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ደንበኛው ከኋላው ቆሞ «እዚች ጋ ትንሽ ቀነስ አድርጋት» ይለዋል። በርሜልም ጉንጭ ይቀንሳል፣ ከአገጭ ሥር የተንጠለጠለውን ያጠፋል፣ አንገት ያስረዝማል። ዓመታት ሲያልፉ ማንም ሳያዝዘው እጁ በገዛ ራሱ ይሠራው ጀመር። «የዚህን ከተማ ሕዝብ አክስቼ ጨርሻለሁ፤ ለእኔ ሲሆን ግን ኮምፒውተሩ ይሰምጣል» ይላል። ግድግዳው በደንበኞች ፎቶ ተሞልቷል፣ የእሱ የለም። ለምን ሲሉት «የምበቃበት ወረቀት ገና አልተሠራም» ነው መልሱ።

ያልቀለደበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሰው ጋር ምሳ ሲቀርብ ሁለቴ ቀምሶ «በቃኝ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮው ጭር ሲል ግን ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል። እዚያ ዳቦ አለ፣ ብስኩት አለ፣ ጠዋት ተደብቆ የተገዛ ኬክ አለ። እንደ ሌባ ቆሞ፣ ጆሮውን በሩ ላይ ጥሎ፣ ሆዱ በቃ እያለው ይበላል። ሲጨርስ ያፍራል፤ ማፈር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ራሱን ይጠየፋል። ፍርፋሪውን ከሸሚዙ ላይ አራግፎ ሲወጣ «ከሰኞ ጀምሮ» ይላል። ሰኞ ራሱ ሰልችቶታል።

አንዲት ልጅ አለችው፣ ሁለተኛ ደረጃ የገባች። ቁርጥ አባቷን ናት። ክብ ፊቱን፣ ሰፊ ትከሻውን፣ በርከክ ያለ አረማመዱን ሳይቀር እንዳለ ወስዳለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስቱዲዮው ትገባና መብራት ታቀናለታለች፣ የደንበኛ ኮሌታ ታስተካክላለች። እሱ ሲቀልድ ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች። በኋላ ሳቋ እየቀነሰ መሄዱን በርሜል አላስተዋለም፤ ደንበኞቹ ይስቁ ስለነበር።

በሙቀት ወፍራም ሹራብ መልበስ ጀመረች። ራት ሲቀርብ «ከጓደኞቼ ጋር በልቻለሁ» ትላለች። እናቷ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ፣ እናትየዋ ማታ ከአባቷ ጋር የበላች ይመስላታል፣ አባትየው ደግሞ ጠዋት ከእናቷ ጋር። ፊቷ ሞግጎ ሲያያት በርሜል ደስ አለው እንጂ አልደነገጠም። «ጎበዝ! አንቺ እንኳ ከዚህ ቤት በሽታ አመለጥሽ» ብሎ አመሰገናት። ይህን ቃል በኋላ ባሰበው ቁጥር ምላሱን መቁረጥ ያምረው ነበር።

አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሐኪሙ ሹራቧን አስወልቆ መዘናት፣ የልቧን ምት ደጋግሞ አዳመጠ፣ ከዚያ አባትየውን ወደ ጎን ጠራው። «ልቧ እየደከመ ነው። በዚህ ከቀጠለች ሆስፒታል መተኛቷ አይቀርም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግርዎትም። ልጅቷ ከምግብም ከገላዋም ጋር ተጣልታለች። የምክር አገልግሎት ያስፈልጋታል።»

በርሜል ክው አለ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብሎ አሰበ። አፉ ግን ልማዱን አልተወም፤ «ምክር ደግሞ ይገዛል እንዴ? እኛ ሰፈር እኮ በነፃ ነው፣ ያውም ሳንጠይቅ» አለ። ሐኪሙ ከጤና ጣቢያው ጀርባ እንደ አቅም የሚከፈልበት ክፍል እንዳለ ነግሮ በጣቱ አሳየው።

ክፍሏ የመድኃኒት ካርቶን ማስቀመጫ የነበረች ናት፤ እስካሁን ካርቶን ካርቶን ትሸታለች። አንድ ጠረጴዛ፣ ባለ እጀታ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቅል ሶፍት። የምክር ባለሙያዋ ጉንፋን የያዛት ወጣት ሴት ነበረች። በርሜል ልጁን አስከትሎ ሲገባ ገና ከበሩ «ዶክተር፣ በኪሎ ነው የምታስከፍሉት? ከሆነ ቤቴ ፈረሰ!» አላት።

«ዶክተር አይደለሁም» አለችው ሳትስቅ። «ክፍያው የምትችሉትን ያህል ነው፤ ካልቻላችሁም ልጅቷ መምጣቷን አታቋርጥም። ይቀመጡ።»

ይቺ ሴት ጥርስ አልበቀለላትም መሰለኝ አለ በሆዱ። ወንበሩን ሲያየው ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ባለ እጀታ ወንበር ከበርሜል ጋር የቆየ ጠብ አለው። እንደምንም ተጠቅጥቆ ገባ። ሰዓቱ አልቆ ሲነሳ ግን ወንበሩም አብሮት ተነሳ፤ አልለቅም አለ። በርሜል ወንበሩን እንደ ጅራት አንጠልጥሎ ዞረና «ወደደኝ፣ ምን ላድርግ፣ ይዤው ልሂድ?» አለ። ባለሙያዋ ቀስ ብላ ወንበሩን ሳበችለት። ልጅቷ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ቀድማ ወጣች። በሚቀጥለው ሳምንት በወንበሩ ቦታ እጀታ የሌለው ሰፊ አግዳሚ ተቀምጦ አገኘው፤ ስለ ወንበሩ ማንም ምንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ልጅቷ ብቻዋን ትገባለች፣ አባትየው ውጭ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ሩዙን በሹካ ወዲያ ወዲህ ስታመላልሰው እናቷ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ሰቅላ እንባዋን ትመልሳለች። ክብደቷ አልጨመረም። ሐኪሙ «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻላት አስተኛታለሁ» አለ። ያኔ ነው ባለሙያዋ አባትና ልጅን እንደገና አንድ ላይ ያስገባቻቸው።

ልጅቷ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። በርሜል የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፣ እንጨት የሆነ ሰው የሚያላላበት። «አይዞሽ እናትዬ» አላት። «ባይሆን ለእኔ እዘኝልኝ። አንቺ የተውሽውን ሁሉ የምጨርሰው እኔ እኮ ነኝ፤ ልፈነዳ ነው።»

ልጅቷ ቀና አለች። «አባዬ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያዬን ፎቶ ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይነካሻል?»

«አቅጥነኸኛል።»

«ማ? እኔ?»

«ጉንጬን ቀንሰኸዋል። አገጬን ቆርጠኸዋል። መስታወት አጠገብ ይዤ አይቼዋለሁ።»

በርሜል ያን ፎቶ የሠራበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ። ከብዙ ተማሪዎች ፎቶ ጋር ነበር፣ ሰልፍ ነበር፣ ሰዓት አልነበረውም። እጁ እንደ ልማዱ ሠርቷል፤ የገዛ ልጁ ጉንጭ መሆኑን እንኳ አላየም። «እጄ ነው እናትዬ፣ በሞቴ አላወቅኩም። ለሁሉም ሰው ነው የማደርገው።»

«እኔ ሁሉም ሰው ነኝ?»

«አንቺማ ቆንጆ ነሽ! ማን አለና እንዳንቺ...»

«አንተን እኮ ነው የምመስለው!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ያን ያህል ይወጣል ብሎ ማንም አላሰበም። «ሰው ሁሉ ቁርጥ አባቷን ይላል። አንተ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ይሄ ገላ መሳቂያ ነው ትላለህ። በርሜል ነኝ ትላለህ። ያ ጉንጭ እኮ የኔም ነው፣ ያ ትከሻ የኔም ነው። በራስህ ብቻ የምትቀልድ ይመስልሃል፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ መብራት ይዤ እሰማለሁ። ሰው የሚስቅበትን ነገር ተሸክሜ መኖር አልፈልግም። እንዲጠፋልኝ ነው የምፈልገው።»

በርሜል አፉን ከፈተ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልድ ከጉሮሮው ተጋፍቶ ይወጣ ነበር፤ አሁን ምንም የለም። ልጁን ቆንጆ ነሽ ሊላት ፈለገ፤ ግን የእሱን ፊት ይዛ ተቀምጣለች፣ ፊቴ አስቀያሚ ነው እያለ እንዴት አድርጎ ያሳምናታል? ስለ ራሱ ገላ አንድ ደግ ቃል ማውጣት ነበረበት። ይህን የሚያህል ሰው፣ አንድ ቃል አጣ።

«ይሄ ጉንጭ...» አለና ነካው። «የእናቴ ነው። እሷ ቆንጆ ነበረች። እኔም... እኔም ምንም አልልም።»

«ውሸትህን ነው» አለችው ልጁ።

«አዎ» አለ በርሜል። «ውሸቴን ነው።» እንባው መጣ፤ አልጠረገውም። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ የሚሆነውን ሁሉ፣ ዳቦውን፣ ኬኩን፣ ከበሩ የሚመጣውን ኮቴ ማዳመጡን፣ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውን ዘርግፎ ተናገረ። ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ አየችው። በቤተሰቡ ስለ ምግብ የምትዋሸው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

ባለሙያዋ አፍንጫዋን ጠረገችና «ጋሼ፣ ይሄ የርስዎ ነገርም በሽታ ነው፣ ሆዳምነት አይደለም። ይታከማል» አለችው።

«እኔ እኮ ልጄን ላደርስ ነው የመጣሁት።»

«አንተ ካልታከምክ እኔም አልመጣም» አለች ልጅቷ። ተነስታ ቆመች። ስትቆጣ እንኳ ቁርጥ እሱን ናት። በርሜል ሐኪሙ የቆረጠውን የወሩን መጨረሻ አሰበና «እሺ» አለ፤ እሺታው ከአፉ የወጣው ለልጁ ስለፈራ እንጂ ስለደፈረ አልነበረም።

በሳምንቱ እሱ ገባ፣ እሷ ውጭ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ቀረች። መንገድ ላይ የሚያስቅ ነገር ሲያጠራቅም ነበር የመጣው። ባለሙያዋ «ከምን እንጀምር?» ስትለው ግን ከበሩ ውጭ ልጁ እንዳለች ትዝ አለው። በሩ ስስ ነው፣ ሁሉ ይሰማል።

«በገላዬ አፍራለሁ» አለ። ባለሙያዋ አልሳቀችም፤ እሱም አልሳቀም።

ሲወጣ ልጅቷ እናቷ የቋጠረችላትን ዳቦ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠበቀችው። ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠችው። መንገደኛ ይመላለሳል፣ አንዲት ነርስ ቆማ ስልክ ታወራለች፣ ሁለት አሮጊቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። በርሜል ዳቦውን ኪሱ ሊከተው ዳዳው።

«እዚሁ ነው» አለችው። «ሁለታችንም።»

በሰው ፊት ገመጠ። ጆሮው ጋለ። እሷም ገመጠች፤ አስቸገራት፣ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው፣ ደግማ ገመጠች። አሮጊቶቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ መለሱ።

«ይጣፍጣል?» አላት።

«አይ። አንተስ?»

ትንሽ አኝኮ አሰበ። «ደረቅ ነው» አለ።

«ደረቅ ነው» አለች፣ ዳግመኛም ገመጠች።