እግርሽን አቁሚና እዪ

አባዬ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። እኔንም የሽመናውን መርገጫ በእግሬ እየረገጥኩ መሸመን እያስተማረኝ ነው። ክር ሲበጠስብኝ ግን ሁልጊዜ «እግርሽን አቁሚና እዪ!» ይለኛል። ሳቆም ደግሞ የተበጠሰው ክር አይታየኝም። ባለፈው ተናዶ «ዓይንሽ ደክሟል፤ ሽመናው ይቅርብሽ» ሲለኝ አለቀስኩ።

ይህን የሰማችው ተከራያችን፣ የሕክምና ተማሪዋ፣ «ነይ ልፈትሽሽ» አለችኝና ክፍሏ ወስዳ፣ ጠረጴዛዋ ፊት አስቀምጣ፣ የአንጎል ሞገድ የሚለካ ሽቦ የተንጠለጠለበት ኮፍያ አጠለቀችልኝ። አዲሱን ሹሩባዬን በቀዝቃዛ ቅባት ለቀለቀችው። ኮምፒውተሯ ላይ ደብዛዛ መስመር ብልጭ ሲል ቁልፍ መጫን ነበረብኝ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። እኔ ምንም አይታየኝም። አለቀልኝ!

ስጨነቅ እግሬ ሳላውቀው መርገጫ እንደሚረግጥ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ማለት ጀመረ። ወዲያው መስመሩ ታየኝ! ተጫንኩ። ደግሞ ታየኝ!

«ቆይ፣ ምን አደረግሽ?» ብላ ተማሪዋ ጮኸች።

«እ... ምንም» ብዬ እግሬን ሰበሰብኩ። መስመሩም ጠፋ።

ጠረጴዛው ስር አጎንብሳ አየችና ሳቀች። «አባባ፣ ዓይኗ ደህና ነው። የአንጎል ሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰውነት በምት ሲንቀሳቀስ ሞገዱ አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ዓይንም ይነቃል።»

«ወሬ ነው! ሰው እግሩን ሰብስቦ ነው የሚያየው» አለ አባዬ። ኮፍያውን ተቀብሎ እኔን አስነሥቶ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ቁልፉን አልተጫነም። ከዚያ ቁልፉ ጠቅ አለ። ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ!

«አየሽ?» አለኝ በኩራት።

ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ስር አየሁ። ሁለቱም እግሮቹ እየሸመኑ ነው።