የሻምበል ቆርቆሮ አንደበት

ሽታዬ ቅኔ ቤት ገብታ አታውቅም፤ ቅኔው ግን ከጆሮዋ ጠፍቶ አያውቅም። አባቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል መርጡለ ማርያም አካባቢ ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ፣ እሷ ከግድግዳው ማዶ ምስር እየለቀመች ታዳምጥ ነበር። አንዱ ተማሪ ሲሳሳት ከአባቷ ቀድማ ፊቷን ታጨማድዳለች። አባቷ ይህን የደረሱበት ዕለት አልተቆጧትም። ይልቁንም ራት ሲቀርብ «የዛሬዎቹ እንዴት ነበሩ?» እያሉ ይጠይቋት ጀመር።

አድጋ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአማርኛ መምህርት ሆነች። መሪጌታም የዓይናቸው ብርሃን ሲጠፋ ወንበራቸውን ለደቀ መዝሙራቸው አስረክበው ከእሷ ጋር መኖር ጀመሩ።

ጎረቤቷ ሙላት ኮምፒውተር ተምሮ ሥራ ያጣ፣ እጁ የተባረከ ሰዓሊ ነበር። አንድ ቅዳሜ በስልኩ የግማሽ ደቂቃ አኒሜሽን አሳያት። ከሌላ ኮከብ የመጣ፣ ገላው የቤት ክዳን የሚመስል ሮቦት ጉንደ ወይን አጠገብ ገብስ ማሳ ላይ ይወድቃል። ይነሣል፣ ይራመዳል፣ አይናገርም።

«ለምንድን ነው የማይናገረው?» አለችው።

«ምን ብሎ እንደሚናገር አላወቅሁማ!»

አንደበት የሰጠችው ሽታዬ ናት። ስሙንም ሻምበል ቆርቆሮ አለችው። ሻምበል አማርኛ የተማረው ከሰማይ ሆኖ ሬዲዮ በመጥለፍ ነው፤ ስለዚህ እሱ አንድ ነገር ሲናገር ገበሬዎቹ ሌላ ይሰማሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ቤት ተሰብስበው ሃያ ሁለት ክፍል ሠሩ። ሙላት ይስላል፤ ሽታዬ ትጽፋለች፤ ድምፁ እንዲወፍርላት አፏን ጣሳ ውስጥ ከታ እሷው ትናገራለች። መሪጌታ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈርዳሉ። «ሰሙ ደህና ነው፤ ወርቁ ግን ሳይቆፈር ታየ» ካሉ ያ ቃል ወደቀ ማለት ነው።

ሁሉም የሚወደው ሻምበል ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት የሚቆምበትን ክፍል ነበር። ደረቱን ነፍቶ «የእኛ ኮከብ ትልቅ ነው!» ይላል። ገበሬዎቹ «የእኛ'ኮ ከብት ልቅ ነው!» ብለው ይሰሙና ዱላ ዱላቸውን ይዘው ወደ ሰብላቸው ይሮጣሉ። ሻምበል ለሰላምታ እጁን እንደ ዘረጋ ብቻውን ይቀራል። መሪጌታ ይህን የሰሙ ዕለት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አኒሜሽኑ በስልክ በስልክ ተዛምቶ አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ዘንድ ደረሰ። ልጅና ወላጅ አብረው የሚያነቡት የሥዕል መጽሐፍ እናውጣው አለ። ሙላት ወሬውን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ሽፋኑ ላይ ስማችን ጎን ለጎን ነው! በይ ጻፊ!»

ሽታዬ ክረምቱን በሙሉ ንግግሮቹን ለመጽሐፍ እንዲስማሙ አሳጥራ እንደገና ጻፈቻቸው። ደብተሩን ከሰጠችው በኋላ ግን ሙላት የቅዳሜውን ነገር ተወ። ስትጠይቀው «ገና እየታረመ ነው» ይላል። አምስት ወር አለፈ። ከዚያ የመጽሐፉ ምርቃት ጥሪ ወረቀት መጣላት።

እሑድ ከሰዓት አባቷን ይዛ በባጃጅ ሄደች። አዳራሹ በር ላይ አንድ መጽሐፍ ሰጧት። ሻምበል ቆርቆሮ ከሽፋኑ ላይ ይስቃል። ከእግሩ ሥር «ድርሰትና ሥዕል፦ ሙላት አንሙት» ይላል። ገብተው ሲቀመጡ ገለጠችው። የምስጋናው ገጽ ላይ ላፕቶፕ ያዋሰው ልጅ ሳይቀር ተጠቅሷል። እሷ የለችም። ደግማ አነበበችው፤ የለችም።

«ስምሽ የቱ ጋ ነው?» አሉ መሪጌታ አጠገቧ እንደተቀመጡ። «እስቲ ጣቴን አሳርፊልኝ።»

የአባቷን ጣት ይዛ ሽፋኑ ላይ አሳረፈችው፤ የሙላት ስም ላይ።

«በትልቁ ነው የጻፉት?»

«አዎ አባዬ፣ በትልቁ ነው።»

ሽማግሌው በጣታቸው ወረቀቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ፈገግ አሉ። ሽታዬ ወደ መድረኩ ዞረች።

ሙላት ድምፅ ማጉያ ይዞ ማንበብ ጀመረ። ያቺ ክፍል ስትደርስ መሪጌታ ለመሳቅ ተዘጋጅተው ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ሻምበልም ‹ፕላኔታችን እጅግ ግዙፍ ናት!› አለ» ብሎ አነበበ ሙላት። ገበሬዎቹም ዱላቸውን ይዘው ሮጡ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

መሪጌታ እጃቸውን ከእጇ አወጡ። «ይህን አንቺ አልጻፍሽውም» አሉ በቀስታ።

ፊት ወንበር ላይ የነበረች የስምንት ዓመት ያህል ልጅ ብድግ አለች። «ለምንድን ነው የሚሮጡት?»

«ፈርተው ነዋ» አለ ሙላት። «ግዙፍ ሲላቸው ጊዜ ደነገጡ።»

«ታዲያ ለምን ወደ እርሻ ይሮጣሉ?»

ሙላት ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ። ዓይኑ አዳራሹን ዞሮ ሽታዬ ላይ አረፈ፤ ቃል ሲያጥረው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያያት አስተያየት ነበር። ዝም ልትለው ፈለገች። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም፤ ትጠብቃለች። ሽታዬ ተነሥታ ያለ ጣሳ፣ በሻምበል ድምፅ፣ «የእኛ ኮከብ ትልቅ ነው!» አለች። ቀጥላም ገበሬዎቹ የሰሙትን ቃላቱን ለያይታ ነገረቻት። ልጅቷ ገና አፏን ስትይዝ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሙላትም አጨበጨበ። «በድምፅ ስታግዘን የቆየች እህታችን ናት፤ እናመስግናት!»

«በድምፅ ብቻ?» አለች ሽታዬ። ጭብጨባው ዋጠው።

ሲወጡ በር ላይ ተከትሏት ደረሰ።

«ሽታዬ፣ አሳታሚው አንድ ስም ነው የፈለገው። ቃሉንም የለወጡት እነሱ ናቸው፣ ሕፃናት አይገባቸውም ብለው።»

«ገባቸው እኮ። አሁን አላየህም?»

«አንቺ መምህርት ነሽ፣ የምትጠሪበት አለሽ። እኔ ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?»

«ይህንኑ መጥተህ ብትነግረኝ እሺ ልልህ እችል ነበር፤ ስሙን ትቼልህ።»

«እምቢ ብትይስ ብዬ ፈራሁ።»

«ሦስት ዓመት እንጀራዬን በልተህ እንደዚህ ነው የምታውቀኝ?»

ሙላት ወደ መሪጌታ ዞረ። «የኔታ፣ እርስዎ እንኳ ይፍረዱኝ።»

መሪጌታ በምርኩዛቸው መሬቱን ዳሰስ አድርገው መንገዱን ያዙ። ሽታዬ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። ገበያውን አልፈው ቤታቸው ሊደርሱ ሲሉ ሽማግሌው ቆሙ።

«ጣቴን ያሳረፍሽው የማን ስም ላይ ነው?»

«የእሱ ስም ላይ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«እሱስ ከዓይናማ ሰረቀ። አንቺ ግን የማላይ መሆኔን እያወቅሽ...» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግሥቱ መሪጌታ ዲያቆን ገዳሙ የሚባለውን የቀድሞ ተማሪያቸውን አስጠሩ፤ በሽታዬ ምትክ መጽሐፍ የሚያነብላቸው እሱ ሆነ። ሁለት ወር ያህል ሽታዬ ከጓዳ ሆና የሌላ ሰው ንባብ አዳመጠች። የሙላት ነገር አቃጥሏት ነበር፤ ይሄ ግን እንቅልፍ ነሣት። ምን ብላ ትከራከራለች? ያደረገችውን አድርጋለች።

ፋሲካ እንዳለፈ ገዳሙ ዘመድ ጥየቃ በሄደበት ሰሞን ከመርጡለ ማርያም ደብዳቤ መጣ። መሪጌታ ወረቀቱን እጃቸው ላይ ይዘው ሲያገላብጡ ዋሉ። ወደ አመሻሹ «ሽታዬ፣ ነይ አንብቢልኝ» አሉ። ደብዳቤው አብረዋቸው የተማሩት ባልንጀራቸው ማረፋቸውን የሚናገር ነበር። ሽታዬ አንዲት ቃል ሳትዘል፣ እስከ ፊርማው አነበበችላቸው። አባቷ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ገዳሙ የሚመጣው ለጨዋታ ብቻ ነው።

ሙላት ሁለተኛውን መጽሐፍ አብረን እንሥራ ብሎ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ አንድ ጊዜም ሰው ላከ። ሽታዬ እምቢ አለች። መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ ጎረቤት ሰላም ይባባላሉ፤ ሽማግሌው ደህና መሆናቸውን ይጠይቃታል፣ ደህና ናቸው ትለዋለች። ደጇን ግን አልረገጠም፤ እሷም ግባ አላለችውም።