የቆርኪዎቹ ጣሳ

እስር ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ባልዲውን ነው። መክደኛ የለውም። ከበሩ በስተቀኝ፣ ሰው ከሚተኛበት ፍራሽ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ሴቶች ይጸዳዱበት ነበር። አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ሆንኩ።

የያዙኝ መቱ ከተማ ውስጥ፣ ከማስተምርበት ክፍል ደጃፍ ላይ የሰሌዳ ጨርቅ ሳራግፍ ነው። ተማሪዎች መንገድ የዘጉበት ሰሞን ነበር፤ የዘጉት ግን ትልልቆቹ ናቸው፣ የእኔዎቹ ገና አንደኛ ክፍል ነበሩ። ከእኔ ጋር ጣሳዬንም ወሰዱ። ጣሳው ውስጥ ወላጆች ያጠራቀሙልኝ የለስላሳና የቢራ ቆርኪዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ኦሮምኛ ከሚጻፍበት ከቁቤ አንድ ፊደል በቀለም ጽፌያለሁ። ጨዋታው ቀላል ነው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ቆርኪ ያወጣል፣ ድምፁን ይናገራል፣ ከዚያ ሮጦ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ዕቃ ይነካል። ሲበረታ ደግሞ ቆርኪዎቹን ደርድሮ በጣቱ እየነካ ያነባል። ሕጉ አንድ ነው፦ እኔን ለማስደሰት ተብሎ የሌለ ቃል አይነበብም። ቃል ካልሆነ «አይልም» ይባላል። በትክክል ያነበበ ይሸለማል።

መርማሪው ቆርኪዎቹ የምስጢር መልእክት ማስተላለፊያ ናቸው አለ።

ክፍሉ ውስጥ ከቡሬ የመጡ አንዲት የማር ነጋዴ ነበሩ። ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ስላላገኙ የአምስት ዓመት ልጃቸውም አብራቸው ታስራለች። ልጅቷ ባልዲውን ስለምትፈራ እስክታለቅስ ድረስ ሽንቷን ትይዛለች። ጨዋታውን ከነሕጉ የጀመርኩላት ለዚህ ነው። በፀጉር ሽቦዬ ግድግዳው ላይ ያንኑ የቁቤ ፊደል እጭራለሁ፣ እሷ ሮጣ ትነካለች። ለ‹ብ› የነበሩን በሩና ባልዲው ብቻ ናቸው፤ በሩን መንካት ደግሞ ክልክል ነው። በሦስተኛው ቀን ባልዲውን በአንድ ጣቷ ነካችው።

«ለ‹ቅ›ስ ምን አለን?» አልኳት።

የእናቷን ቀሚስ ጠርዝ ገለበጠች። «ቅማል! ቲቸር፣ ሁለት ናቸው!»

እናቷ ሳቁ። «አይ ቲቸር፣ ልጄን ቅማል ታስለቅሚያት ጀመር?»

እኔ መሳቅ አቃተኝ። የተማሪዎቼን ደብተር በየቀለሙ ለይቼ የምደረድር ሰው፣ በቅማልና በባልዲ ሳስተምር ራሴን ሳይ አቅለሸለሸኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ መርማሪው ያቀረበልኝን ወረቀት ለመፈረም ወሰንኩ። ወረቀቱ ቆርኪዎቹ ለአመፅ መጥሪያ ናቸው ይላል፤ ከሥሩ ቆርኪ ያመጡልኝ የሦስት ወላጆች ስም ተጽፏል። እኔ ከፈረምኩ እወጣለሁ፣ እነሱ ይገባሉ። ይህን አውቄ ነው የወሰንኩት። ከዚያ ባልዲ መራቅ ብቻ ነበር የምፈልገው።

መርማሪው ልጅቷንም አብራኝ አስጠራት። እስር ቤት ውስጥም እንደማስተምር ሰምቶ ኖሮ፣ ምስክር ሊያደርጋት ፈልጎ ነው። ስንገባ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር። ስንጥሩን ወረቀቱ ላይ ጣለና ከጣሳዬ አራት ቆርኪ አውጥቶ ደረደረ።

«ነይ ሚጢጢ። ብስኩት ትወጃለሽ?» ብስኩቱን አጠገቧ አስቀመጠ። «ይሄ በኦሮምኛ ‹ተነሱ› ይላል፣ አይደል? ቲቸር እንደዚህ ነው ያለችሽ፣ አይደል?»

ልጅቷ ብስኩቱን አየች። ከዚያ ጣቷን ከመጀመሪያው ቆርኪ ሥር አደረገች። «ም… ድ… ል… ብ…» ተመልሳ ደገመችው።

«አይልም» አለች።

«ምን?»

«አይልም። ቃል አይደለም።»

ሰውየው ቁቤ ማንበብ እንደማይችል ያን ጊዜ ገባኝ። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ልጅቷ ደንግጣ ሽንቷ አመለጣት፤ እስከ ጫማው ድረስ ፈሰሰ።

«ኤጭ! ቆሻሻ!» ብሎ አፍንጫውን ያዘ። ይህን ሁሉ ቀን ባልዲ ሥር ያስተኛት ሰው ነው የተጸየፋት።

ሻርፔን ፈትቼ እግሮቿን ጠረግሁ። ወለሉን ተውኩለት። ከዚያ ብስኩቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ሰጠኋት።

«ማን አንሺ አለሽ?»

«በትክክል አንብባለች» አልኩት። «ሽልማቷ ነው።»

ወረቀቱን ከብዕር ጋር ገፋልኝ። ስንጥሩን በብዕሩ ጫፍ ወደ ጎን አደረግሁና ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርጌ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስቱ ስሞች ጋ ስደርስ ብዕሩን አስቀመጥኩ።

«አይልም» አልኩ።

ሁለት ወር ጨመሩልኝ። እናትና ልጅ ከእኔ በፊት ወጡ፤ ልጅቷ ስትሄድ ባልዲውን ቻው ብላዋለች።

ጣሳዬ አልተመለሰልኝም፣ ሌላ ሞልቻለሁ። ዛሬም አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። አንዳንዱ ልጅ ቆርኪዎቹን ትቶ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እኔ የምወደውን ቃል ሊገምት ይሞክራል። ያኔ የዚያ ክፍል ሽታ ይመጣብኛል። የሚያቅለሸልሸኝ ልጁ አይደለም፤ ያን ጠዋት ለመፈረም ተነሥታ የነበረችው እጄ ናት። በዚያችው እጅ የልጁን ጣት እይዝና ከመጀመሪያው ቆርኪ ሥር አደርግለታለሁ።