ሌላው ሮሪ

የምሥራች። እስቲ «ምሥር ብላ» በሉኝና ልቀጥል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው አይዘረገፍም። ሠርግ አለ። የፊታችን ቅዳሜ፣ እዚሁ ፖርት ሞራግ፣ ረፋዱ ላይ። የማን ሠርግ ነው ማለታችሁ አይቀርም፤ ስሙን ብነግራችሁ ግን ምንም እንዳልነገርኋችሁ ቁጠሩት። ሙሽራው ሮሪ ማክኢሳክ ይባላል።

ይኸው፣ አሁን ምን አወቃችሁ? በኬፕ ብሬተን ደሴት ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋይ የወረወረ ሰው አንድ ሮሪ ማክኢሳክ ሳይፈነክት አይቀርም። በኛ መንደር ብቻ፣ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለችው መንገድ፣ ስድስት ሮሪዎች አሉ። ቅድመ አያቶቻችን ከስኮትላንድ ሲመጡ የድንች ዘርና ቫዮሊን ሲጭኑ ስም መጫን ረስተው፣ ያችኑ አምስት ስድስት ስም ለልጅ ለልጅ ልጅ እያቀባበሉ እዚህ አድርሰውናል። ስለዚህ ቅጽል የሌለው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። የቀዩ ዳን ልጅ «የቀዩ ዳን ሮሪ» ነው። በግ ሲሸልት የገዛ ጆሮውን የሸለተው «ሮሪ ጆሮ» ነው። «ሮሪ ቶሮንቶ» ደግሞ በወጣትነቱ ቶሮንቶ ሄዶ በአራተኛው ቀን የተመለሰ ሰው ነው፤ ሰባ ዓመት ሞልቶትም ነገር የሚጀምረው «እኛ ቶሮንቶ ሳለን» ብሎ ነው።

የኛ ሙሽራ «ሌላው ሮሪ» ነው።

ይህን ስም ያገኘው በሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን የመምህርቷ ምሳ ዕቃ ሲከፈት እንቁራሪት ዘልሎ ወጣ። «ማን ነው?» ብትል ከኋላ አንዱ «ሮሪ ማክኢሳክ» አለ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሮሪዎች በአንድነት ብድግ አሉ። ሁለቱ በእናታቸው ማሉ። የኛው ግን መሐላ ስለሚፈራ «እኔ አይደለሁም፣ ሌላው ሮሪ ነው» አለ።

«ሌላው የትኛው?»

«ከኔ ሌላ ያለው።»

«እንግዲያው አንተ ለነሱ ሌላው ነህ፤ ና ወዲህ» አለችና ለሁለቱ የሚገባውን አለንጋ ጨምራ ለእሱ ሰጠችው። እንቁራሪቱን ያስገባው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ያ አለንጋ የሕይወቱ ሁሉ መክፈቻ ሆነ። የሮሪ ቶሮንቶ የጥርስ ቀጠሮ ሲደርስ የተጠራው እሱ ነው፤ ጥርስ ነቃዩም ሰውዬ እያዘነ አንድ ጤነኛ መንጋጋ አወጣለት። ሮሪ ጆሮ በካታሎግ ያዘዘው ቦት ጫማ የመጣው እሱ ቤት ነው፤ አንድ ቀን አድርጎት ውሎ፣ ጫማው ወደ ግራ ሲዞር እሱ ገና ቀኝ እየሄደ መሆኑን አይቶ አወለቀው። ከቦስተን «የኔ ነብር» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ የደረሰው ለእሱ ነው። አራተኛው መስመር ድረስ ደስ ብሎት ካነበበ በኋላ ቦስተን ሄዶ እንደማያውቅ ትዝ አለው። ለደብዳቤው ባለቤት ሊያደርስ ሄዶ በሩን የከፈተችው የሰውዬው ሚስት ነበረች። የዚያን ዕለት የቤቱ ሳህን በሙሉ አለቀ።

እሱ ግን ሁሉንም ይመልሳል። ንጋት ላይ ከጀልባ ጓደኛው ከሳንዲ ጋር ወጥቶ ከባሕር ሥር የሎብስተር ወጥመዱን ያነሣል፤ ከሰዓት የሰውን ዕቃ በብብቱ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። «ይኼ ያንተ ነው፤ ተሳስቶ ወደኔ መጥቶ ነው።» እንዲህ ሲል አርባ ስምንት ዓመቱን ደፈነ። ለእሱ ብሎ የመጣ፣ ይዞት የቀረ ነገር ጉንፋን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ይፈልግ ነበር። ፍሎራ ጊሊስን። ፍሎራ የፖስታ ቤቱን መስኮት ሃያ ሁለት ዓመት የያዘች፣ እሑድ እሑድ ኦርጋን የምትመታ፣ ምላሷ ዓሣ የሚበልት ሴት ናት። ሮሪ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ መስኮቷ ስር ይቆምና «ዛሬ ነፋሱ ከሰሜን ነው» ይላታል። እሷም «ነው» ትለዋለች። ከዚያ ለሌሎቹ ሮሪዎች የመጣውን ደብዳቤ በስሕተት ለእሱ ትሰጠዋለች፤ እሱም ሲያዞር ይመሻል። የፍቅር ታሪካቸው ይኸው ነው። ነፋሱ ከደቡብ የሆነ ቀን ብቻ ትንሽ ለየት ይላል።

አሁን ወደ ነገሩ። ባለፈው የበረዶ ወራት ከኦንታሪዮ አዲስ ቄስ መጡልን፣ አባ ዴላኒ የሚባሉ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ናቸው፣ ጨዋ፣ ፂም ያላበቀሉ። ቅጽል ስም ስድብ ይመስላቸዋል። «ሰው በክርስትና ስሙ ይጠራ» አሉና ከመሠዊያው ላይ ቅጽል ጠፋ። የጁን ወር ሁለተኛ እሑድ ታዲያ ስብከቱን ሲጨርሱ ወረቀት አወጡና አነበቡ።

«በሮሪ ማክኢሳክና በፍሎራ ጊሊስ መካከል ጋብቻ ሊፈጸም ታስቧል። የሚከለክል ምክንያት የሚያውቅ ይናገር።»

ቤተ ክርስቲያኑ ባንድ አንገት ዞረ። ሮሪ አራተኛው ረድፍ ላይ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከላይ ኦርጋኑ ዘንድ ያለችው ፍሎራ በክርኗ ስምንት ቁልፍ ባንዴ ተጫነችና ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

ለናንተ አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ የተነበቡት እነሱ አልነበሩም። ሃሊፋክስ ከተማ መርከብ ላይ የሚሠራው የቀዩ ዳን ሮሪ፣ እዚያው ሃሊፋክስ ነርስ ከሆነችው ከሌላዋ የመንደራችን ፍሎራ ጊሊስ ጋር ተዋውቆ ሊጋቡ ቆርጠዋል። መተዋወቃቸውን እንኳ የሰማ አልነበረም። ለቄሱ የጻፉት በደብዳቤ ነው። ቅጽላቸውን ቢጨምሩበት ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ደጁ ላይ ሳንዲ የሮሪን ትከሻ መታ። «አንተ ድምፅ የሌለህ ድመት። አብሬህ አንድ ጀልባ ላይ እየዋልኩ ወጥመድ እንጂ ሚስት መጣልህን ሳላውቅ።»

«ስማኝ ሳንዲ፣ እኔ...»

«ነፋሱን እየለካህ ነበር ለካ።»

እህቱ ኤፊ ደግሞ ሻርፗን እያሰረች መጣችበት። «አርባ ስምንት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረን ከቄስ አፍ ልስማ? የት ልታስተኛት ነው? ያንተ ክፍል መረብ ሞልቶ?»

«ኤፊ፣ እኔ አይደለሁም...»

«አንተ አይደለህም፣ ሌላው ነው አይደል? ሰባት ዓመትህ ላይ ያልከው ይበቃል።» ሄዳ መረቡን በመስኮት መወርወር ጀመረች።

ሮሪ እንደ ልማዱ አሰበ። የኔ ካልሆነ የማን ነው? ስድስቱን በጣቱ ቆጠረ፤ አራቱ አግብተዋል ወይም ከሚስት የሸሹ ናቸው፤ ከእሱ ሌላ የቀረው የቀዩ ዳን ልጅ ብቻ ነው። ከሰዓት ቀዩ ዳን ቤት ሄደ። ጋሼ ዳን ፀጉራቸው ከነጣ ሃያ ዓመት ቢሆነውም ቀዩ እንደተባሉ አሉ።

«አዎ፣ የኛው ነው» አሉ ሻይ እየቀዱለት። «ደብዳቤው ትናንት መጥቶ አሁን ገና ከፈትነው። ልትመልስልን መጣህ? ተባረክ።»

ሮሪ ስኒውን በእጁ ላይ አዞረ። የአጃ ቂጣ ቀረበለት፣ አልነካውም።

«ጋሼ ዳን፣ ጥቂት ቀን ይዤው ብቆይስ?»

«ምኑን?»

«ወሬውን።»

ሽማግሌው ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «ሴቲቱ ታውቃለች?»

«ምንም አላወራንም። ስለ ነፋስ ብቻ።»

ብዙ አሰቡ። «ልጆቹ የፊታችን እሑድ ይመጣሉ። ከዚያ ወዲያ የያዝከው ነገር ስርቆት ይሆናል። እስከዚያ ይሁንልህ። ባለቤቴ ግን ወሬ ይዛ አታድርም፤ ስልኩን ነቅዬ ድንች ጓዳ አስቀምጣለሁ።» የኛን መስመር ዘጠኝ ቤት ይጋራዋል፤ አንዱ ስልክ ካነሣ ስምንቱ ጆሮ ያነሣል።

ሰኞ ሮሪ ፖስታ ቤት ሲደርስ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል፤ ሁሉም አንድ አንድ ቴምብር ሊገዛ። ደብዳቤ ጽፎ የማያውቀው ሮሪ ጆሮ ሳይቀር። ፍሎራ ቀና ብላ አየችው። ሰልፉ ትንፋሹን ዋጠ።

«ዛሬ ነፋሱ ከሰሜን ነው» አለ ሮሪ።

«ነው» አለች ፍሎራ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ።

ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ነፋስ ስላልነበረ ምንም ሳይል ወጣ። መንደሩ ወር የሚበቃ ቴምብር ገዝቶ ጨረሰ። ሌሊቱን አልተኛም ብል ውሸት ነው፤ ሎብስተር የሚያነሣ ሰው ይተኛል። ግን እየተኛም ይቆጥር ነበር፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ከዚያ መመለስ።

ሐሙስ ዕለት፣ ሰልፉ እንዳለ፣ ፍሎራ ቀደመችው። መስኮቱን ከፍታ ክርኗን ደገፍ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ። ለአባ ዴላኒ ስትነግር አንደበት ነበረህ። እኔ ጋ ስትደርስ ነፋስ ብቻ? ያለኔ ፈቃድ ስሜን በሰው ፊት አስነብበህ፣ እኔ እዚያ ላይ ኦርጋን ልሰብር?»

ሮሪ ቆቡን አወለቀ። አንድ ቃል ዋሽቶ «ይቅርታ» ቢል ኖሮ በዚያው ያልቅለት ነበር። ግን የሰው ነገር መመለስ እጁ የለመደው ሥራ ነው።

«የኛ አይደለም» አለ። «የቀዩ ዳን ልጅና የነርሷ ነው። ተሳስቶ ወደኛ መጥቶ ነው።»

ከሰልፉ ኋላ አንዱ ቴምብሩን ጣለ።

«መቼ አወቅህ?»

«እሑድ ከሰዓት።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አዎ።»

«የሰው ወሬ አራት ቀን ይዘህ ተቀመጥህ? አንተ?»

«መመለሱ ከበደኝ» አለ ሮሪ። «ጋሼ ዳንን አስፈቅጄ ነው። የሰው ዕቃ ሁሉ ሲመጣ፣ ደህና፣ ይመለሳል እላለሁ። ይኼኛውን ግን... በልኬ የመጣ ነበረ።»

ፍሎራ በእጇ የያዘችውን ፖስታ አስቀመጠች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ስለይ ኖሬአለሁ። የጆሮን ሚስት እጅ ጽሑፍ ከመንገድ ማዶ አውቀዋለሁ። የቶሮንቶን ፖስታ በሽታው አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ለአንተ ስንት የሰው ደብዳቤ ሰጠሁህ?»

«ኧረ ብዙ ነው።»

«ተሳስቼ አላውቅም።»

ሮሪ ይህን ይዞ ቆመ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲወርድለት ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ቀድሞ የገባው ሰልፉ ላይ ለቆመው ለሳንዲ ነው።

«አንተ ግንድ፣ ሆን ብላ ነው። ነገ ተመልሰህ እንድትመጣ።»

«አንተ ቴምብርህን ይዘህ ውጣ» አለችው ፍሎራ፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር።

«ቆይ» አለ ሮሪ ጆሮ ከሰልፉ መሀል፣ «የነብሩ ደብዳቤም ሆን ተብሎ ነው? ስድስት ሳህን ነው የበረረብኝ።»

«እሱን ተወው፣ ቦስተን የራስህ ሥራ ነው።»

ሮሪ በሁለት እጁ መስኮቱን ያዘ። «እንግዲያው የራሳችንን ብናስነብብስ?»

«በመጀመሪያ ጠይቀኝ። በቄስ ሳይሆን በአፍህ።»

ጠየቃት። ምን ብሎ እንደሆነ አሥራ አንድ ሰው ሰምቶ አሥራ አንድ ዓይነት አድርጎ ያወራል፤ ሁሉም የሚስማማው በመካከሉ ነፋስ የሚል ቃል እንዳልነበረበት ነው። ፍሎራ «እሺ» አለችና፣ እጇ የሚይዘው ቢያጣ የፖስታውን ማኅተም አንሥታ በመዳፉ ላይ ዷ አደረገችው። ሮሪ እስከ ቅዳሜ ያንን እጁን ሳይታጠብ በአንድ እጁ ወጥመድ ጎተተ፤ ሳንዲ እየተራገመ።

እሑድ አባ ዴላኒ ወረቀታቸውን አወጡ። «በሮሪ ማክኢሳክና በፍሎራ ጊሊስ መካከል» ብለው አነበቡ። ገልበጥ አደረጉና «በሮሪ ማክኢሳክና በፍሎራ ጊሊስ መካከል» አሉ። ሕዝቡ ቄሱ ጠፋባቸው ብሎ ማሳል ጀመረ። ከሃሊፋክስ የመጡት ሙሽሮች እርስ በርስ ተያዩ። አባ ዴላኒ አንገታቸው ድረስ ቀሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ጣሪያውን አዩና ተሸነፉ።

«የመጀመሪያው የቀዩ ዳን ሮሪና የነርሷ ፍሎራ ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ሁለተኛው የ... የፖስታ ፍሎራና የሌላው ሮሪ።»

«ተመስገን» አሉ ከፊት ረድፍ ጋሼ ዳን፤ ቤቱም ሁሉ አብሮ ሣቀ። ከዚያ ዕለት ወዲህ እሳቸውም ቅጽል አላቸው፤ «አባ ደጋሚ» ይባላሉ። ሲጠሯቸው «አቤት» ማለት ጀምረዋል።

ጋብቻ ሊነበብ የሚገባው ሦስት እሑድ ትናንት ሞላ። ሃሊፋክሶቹ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ከምንከራይ ብለው ቀናቸውን ገፉ፤ አራት ሰዓት ላይ እነሱ፣ አምስት ሰዓት ላይ የኛዎቹ። አባ ደጋሚ ተሳስተው እንዳያጣምሩ ኤፊ በአራቱም ደረት ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ሪባን ልትሰፋ ነው። ዛሬ ጠዋት በበራቸው ሳልፍ ሮሪ ደጅ ቆሞ የመኝታ ክፍሉን መስኮት ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ፍሎራ ሥሩ ቆማ «እዚያ ጋ ዘለልክ» ትለዋለች። «የቱ ጋ?» ይላል፤ የዘለለው ቦታ የለም፣ እኔም አይቻለሁ። እሱም ያወቀ ይመስለኛል፤ ደግሞ ቀባው።

ይበቃኛል፤ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልችልም። ኮረብታው ማዶ ያለችው የፍሎራ አክስት ካሲ ስልኳን ማዕበል ከቆረጠው ወር ሆኖታል፤ ምንም አልሰማችም። የወተት መኪናው ሹፌር ደግሞ አሁን ድልድዩን ሲሻገር አየሁት፣ እሱ ወሬ የሚያበላሽ ሰው ነው። በአቋራጩ ከሮጥኩ እቀድመዋለሁ፤ ኮቴን ማን ወሰደው?