ሃያ ሚሊዮን ዓመት የሞላት ባህር ዛፍ

ሐሙስ ጠዋት ሸሪፋ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርድ ጥርሷን ታፋጭ ነበር። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት እናት ጠመዝማዛው ያዞራት መስሏቸው ሎሚ አቀበሏት። ያዞራትስ አለቃዋ አግማስ ነው።

ሸሪፋ የድንጋይ ከሰል በሚፈልግ ድርጅት ቤተ ሙከራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ከገደል የመጣ ድንጋይ ትፈጫለች፣ በአሲድ ታሟሟለች፤ ድንጋዩ ሄዶ ጥንት የረገፈ የአበባ ብናኝ ይቀራል። እሱን በማይክሮስኮፕ አይታ ድንጋዩ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ቦታውም ጫካ ይሁን ረግረግ ትናገራለች። ብናኝ ከአሲድ ይተርፋል፤ ከአግማስ ግን አልተረፈም።

ሰውዬው የደሴ ብርድ ያሳደገው ነውና የኮምቦልቻ ሙቀት አይሆንለትም። «መስኮት አይከፈትም» ተብሎ በቀይ ተጽፎ ሳለ፣ እሷ ዝሁር ልትሰግድ ስትወጣ በርግዶ ከፈተው። ከሃያ ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ያወጣችው የአራት ወር ልፋቷ ጠረጴዛው ላይ ክዳን በሌላቸው ብርጭቆዎች ተደርድሯል፤ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ባህር ዛፉ አብቧል። ማክሰኞ አግማስ በማይክሮስኮፑ አጮለቀና ያየውን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ባለ ሦስት ማዕዘን የባህር ዛፍ ብናኝ ሥዕል ጋር አመሳሰለ። እሷን ሳይጠይቅ ደሴ ፒያሳ ወጣ። ባህር ዛፍ ከባሕር ማዶ አልመጣም፣ ሃያ ሚሊዮን ዓመት ወሎ ውስጥ ኖሯል እያለ ካፌ ለካፌ ሲያወራ አመሸ። ወሬው ሆጤ ከሸሪፋ ቀድሞ ገባ፤ እናቷ እንኳ ለባህር ዛፉ እልል ብለው ጠበቋት።

ዛሬ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተዋል፤ ይህንኑ በሚለው ሪፖርት ላይ የምትፈርመው ደግሞ እሷ ናት። ካልፈረመች ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚወረውራት አግማስ ነግሯታል። ከፈረመች ስሟ የባለሙያ ሁሉ መሳቂያ ነው።

ሸሪፋ እንግዶቹ ፊት አንድ ቀጭን የመስታወት ስላይድ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገችና አግማስን ጋበዘችው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ፊቱ በራ። ያችው ባለ ሦስት ማዕዘኗ ናት፣ ኑና እዩ አለ እንግዶቹን።

«ስንት ዓመቷ ነው፣ ጋሽ አግማስ?»

«ሃያ ሚሊዮን አላልኩሽም እንዴ?»

«ትናንት ነው የረገፈችው። ወላሂ፣ የጥንት ብናኝ ሆዱ ባዶ ነው፤ የእሷ ገና ሙሉ ነው። ይሄ መስታወት ድንጋይ አልነካውም፤ የሚያጣብቅ ግሊሰሪን ቀብቼ እርስዎ የከፈቱት መስኮት ደፍ ላይ ነው ያዋልኩት።»

አንዷ እንግዳ ሳቋን በመሐረብ አፈነች። ሸሪፋ አልሳቀችም። አራት ወር ሙሉ የፈጨችው ድንጋይ ተበላሽቷል፤ ገደሉ እንደገና ሊወጣ ነው። መዶሻዋን አነሳች። መኪናው እስኪመጣ ግን መስኮቱን በሰባት ምስማር ቸነከረችው፤ ሰባተኛው ሲገባ አግማስ ላቡን እየጠረገ ሪፖርቱን ይቀድ ነበር።