የመምህራኑ ሳቅ

ባለፈው ሳምንት ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ልብ ወለድ እያነበቡ፣ አንዷ የሌላዋን አፍ በሻርፗ እያፈነች ሲንፈቀፈቁ፣ ከጎኔ የነበረው ሰውዬ «ሴት ልጅ መንገድ ላይ እንዲህ ትገለፍጣለች?» ብሎ ተቆጣቸው። ልጆቹ ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ «ምንህን ነኩህ?» ስለው ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። የተቆጣሁት በእሱ ብቻ አልነበረም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ዘይነባ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ ቤተሰቦቿ ጨፋ ሮቢት፣ እሷ ከሚሴ አክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር፣ ቀጭን ሆና ድምጿ ግን የትልቅ ሰው የሆነ። ሹፌር ወንድሟ ከደሴ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት መጽሐፍ አመጣላት፤ ትልቅ ሰው ለመምሰል በዓይን ኩል ጺም ስሎ፣ የሚወዳት ልጅ ፊት ሲቆም ላቡ ጺሙን አገጩ ድረስ ያወረደበት ጎረምሳ ታሪክ ነው። በከሚሴ ሙቀት ላደግን ለእኛ፣ ያ ልጅ የማናውቀው ሰው አልነበረም። መጽሐፉን በወረፋ ብንጀምረውም ማን ታግሶ፤ ዘይነባ፣ ራሷም ቀድማ ሳታነበው፣ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር፤ የጎረምሳውን አባት በኦሮምኛ ታስቆጣለች፣ እናቱን በወሎ አማርኛ ታስለምናለች፣ ኳስ ሜዳው ባዶ ቀረ፣ አጥር ጥግ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ እንኳ ዘይቱ እያረረባት «ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ፣ እዚያ ጋ ድገሚው!» ትላለች።

አንድ ቀን የሥነ ሥርዓት ኃላፊው መምህር ሕዝቡን ሰንጥቆ ገባና መጽሐፉን ከእጇ ነጠቃት። «ብልግና ነው» አለ። አንድ ገጽ ሳይገልጥ። በማግስቱ ከብት ነጋዴው አባቷ ተጠርተው መጡ፤ ማንበብ አይችሉም።

«ልጅዎ ብልግና እያነበበች ወንድ ትሰበስባለች» አላቸው፣ ሁላችንም እየሰማን።

«አባባ፣ ወላሂ ስለ ጺም ነው! ስለ ጺም ብቻ ነው!» አለች ዘይነባ እያለቀሰች።

አባቷ አንገታቸውን እንደ ደፉ «ዴሚ፣ እንሂድ» ብለው እጇን ያዟት። ክረምት ሳይገባ ተዳረች።

አባቷ ከትምህርት ቤት በወሰዷት በዚያው ሳምንት ጠመኔ እንዳመጣ ተልኬ ወደ መምህራን ክፍል ስደርስ፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ያው መምህር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የዘይነባን መጽሐፍ ያነብላቸዋል፤ ጎረምሳው በር አንኳኩቶ የከፈተችለት ልጅቷ መስላው አባቷን «የኔ ቆንጆ» ያለበት ቦታ ላይ ደርሶ፣ እንባውን በመዳፉ ይጠርጋል።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ፣ ሳቁ ገና ፊቱ ላይ እንዳለ።

«ጠመኔ።»

ሰጠኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቅ ነው። እውነት ብልግና መስሎት ቢያቃጥለው ኖሮ፣ አላህ ይወቅለት፣ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን እንደኛው ወደደው፣ እንደኛው ሳቀበት፤ ሳቁን ለራሱ አስቀርቶ ውርደቱን ለእሷ ሰጣት። ከኒም ዛፉ ሥር ከዚያ ወዲያ ማንም ጮክ ብሎ አላነበበም።

በሚኒባሱ በሄድኩበት ቀን ጨፋ ሮቢት ስደርስ ገበያ ውስጥ ዘይነባን አገኘኋት፤ ማሽላ ፊቷ ከምራ፣ ያ ወፍራም ድምጿ ገዢ ሲጠራ ከሩቅ ለየሁት። ተቃቅፈን ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት፤ «አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ይዤው የኖርኩትን የመምህሩን ሳቅ ነገርኳት። ትረግመዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

ማሽላውን በመዳፏ ደልደል አደረገችና «የቱ ጋ ሲደርስ ነው የሳቀው?» አለች።

«አባቷን ‹የኔ ቆንጆ› ያለበት ላይ።»

ሳቋ ሊመጣ ሲል መሀል ላይ ቀረ።

«አባቷን?» አለች። «እኔ እኮ እዚያ አልደረስኩም።»